ባሕር የሸሸው መንደር፦ የዳሎል የማዕድን ሠፈር አነሣሥና አወዳደቅ

ከመቀሌ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከዓይናለም ሆኖ ወደ ምሥራቅ ለሚያማትር ሰው ደጋው ማለቂያ ያለው አይመስለውም። አለው እንጂ! ጥቂት እንደ ተሄደ መሬቱ እየተሰበረ፣ ገደል በገደል ላይ እየተደራረበ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ዓይናለም የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከእርሷ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቀጥታ መስመር ቢለካ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ግድም ጠልቋል። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ ከብርድ ልብስ ወደ እሳት ምድጃ መግባት ማለት ይህ ነው።

ዳሎል ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስበው ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ቀዩን የሚፈላ ውሃ፣ የሙቀቱን ብርታት፣ የጎብኚዎቹንም ፎቶግራፍ ነው። በዚያ ምድጃ ውስጥ ሰው የኖረበት፣ ደመወዝ የተቆጠረበት፣ ሐዲድ የተዘረጋለት የማዕድን መንደር እንደ ነበረ የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው የዚያን መንደር አነሣሥና አወዳደቅ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደረቀው ባሕር ዳርቻ

ዳሎል የባሕር ዳር መንደር ነበረ ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ባሕሩ ቀድሞት ሄደ እንጂ። የዳናክል ዝቅተኛ ምድር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። የመጨረሻው የባሕር ውሃ የገባበት ዘመን ከዛሬ 100 ሺህ ዓመት በላይ ይሆነዋል። በኋላ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው በፀሐይ ተነነ፣ ጨው ብቻ ቀረ። በጥንቱ ባሕር ዳርቻ የነበሩት የዛጎልና የኮራል ቅሪቶች ዛሬም በሜዳው ጠርዝ ላይ ይታያሉ። ባሕሩ በገባና በደረቀ ቁጥር ጨው በጨው ላይ እየተነባበረ ሄዶ፣ የጨው ንጣፉ ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ባሕር ሲደርቅ የተለያዩ ጨዎች በየተራ ይረጋሉ። ብዙው ለወጥ የምናውቀው ጨው ነው። በመጨረሻ ላይ የሚረጉት ግን ፖታሲየም ያለባቸው ጨዎች ናቸው፤ በንግድ ስማቸው ፖታሽ ይባላሉ፤ ለማዳበሪያም ይፈለጋሉ። እንግዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሀብት ጎን ለጎን ተኝቷል ማለት ነው። አንደኛው ደገኛው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አሞሌ፣ ሁለተኛው ደገኛው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቀው ፖታሽ። የማዕድን መንደሩ የተወለደው ለሁለተኛው ነው። አሟሟቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የጦርነት ልጅ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፖታሽ ማለት ጀርመን ማለት ነበር። ጀርመኖች ስታስፉርት በተባለ አካባቢያቸው ከ1861 ጀምሮ በፋብሪካ እያመረቱ የዓለምን ገበያ ጨብጠውት ነበር። የአሜሪካ ገበሬ ጥጡን፣ የአውሮፓ ገበሬ ድንቹን የሚያዳብርበት ፖታሽ ከዚያው ይመጣ ነበር።

ፓስቶሪ የተባለ ጣሊያናዊ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ግድም በዳሎል ፖታሽ ለማውጣት ፈቃድ ሲያገኝ፣ ነገሩ ከአንድ ፈላጊ ሰው ሕልም ብዙ የሚያልፍ አይመስልም ነበር። ነገር ግን በ1914 የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የጀርመን በር በጦር መርከብ ተዘጋ። ፖታሽ ጠፋ፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ተሰቀለ። በዚያን ጊዜ ዳሎል ድንገት ተፈላጊ ሆነ።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ባሕሩ በስተሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ነገር ግን የሌላ ነው። በ1908 ምኒልክና ጣሊያን በተፈራረሙት ውል መሠረት በዳናክል በኩል ድንበሩ ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ከባሕሩ ጋር ትይዩ እንዲሄድ ተወስኗል። በማስመሪያ የተሰመረ ድንበር ማለት ይህ ነው። ፖታሹ በኢትዮጵያ ቀረ፤ ወደቡ በጣሊያን ኤርትራ።

ቢሆንም ጣሊያኖቹ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ጀምረው በጨውና በአሸዋ ላይ ጠባብ ሐዲድ ዘረጉ። ሐዲዱ በኤፕሪል 1918 አለቀና ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆመ። የተመረተው ፖታሽ 50,000 ቶን ያህል ደርሶ እንደ ነበር ይነገራል። ሥራው ሰው ጠራ፤ ሰውም ሠፈር ሠራ።

ግን ዘመኑን ልብ ይሏል! ሐዲዱ ያለቀው በኤፕሪል 1918 ነው። ጦርነቱ ያለቀው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። ሰባት ወር! ሰላም ሲወርድ የጀርመን በር ተከፈተ፤ የአልሳስ የፖታሽ ማዕድንም ወደ ፈረንሳይ ዞረ፤ ዋጋው ወደቀ። የዓለም ሰላም ለሌላው እልልታ ሲሆን ለዳሎል መርዶ ሆነ። ጦርነት የወለደው መንደር ከጦርነቱ ጋር ሞተ።

ሁለተኛው ትንሣኤ

የሞተው ግን አልተቀበረም። ሐዲዱ አለ፤ ፖታሹም አለ። ከ1925 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት አንድ የጣሊያን ኩባንያ እንደገና ሥራ ጀምሮ 25,000 ቶን ያህል ጥሩ ፖታሽ አውጥቶ በሐዲዱ ወደ መርሳ ፋጡማ አጓጓዘ። በዚሁ መሃል፣ በ1926፣ ምድሪቱ ራሷ ተናገረች። ከመሬት በታች የታመቀው እንፋሎት ፈንድቶ ጉድጓድ ከፈተ። ዳሎል እሳተ ገሞራ የተኛበት ምድር መሆኑን ለዘነጋ ሁሉ ማሳሰቢያ ነበር።

ነገር ግን መንደሩን የዘጋው የምድር ቁጣ አልነበረም። በዚያው ዘመን ጀርመንና ፈረንሳይ የፖታሽ ገበያውን በስምምነት ተከፋፈሉት። አሜሪካም በ1925 በኒው ሜክሲኮ ግዛቷ የራሷን ፖታሽ አገኘችና በ1931 ማምረት ጀመረች። ሶቪየት ኅብረትም ተከተለች። ቀዝቀዝ ባለ አገር፣ በባቡር ዋና መሥመር አጠገብ፣ ንጹሕ ውሃ እየጠጡ ፖታሽ የሚያወጡ ሰዎች ባሉበት ዓለም፣ ከዳናክል ምድጃ ማን ይገዛል? ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመንም ነገሩን ለማንሠራራት ተሞክሮ ነበር፤ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ኤርትራን የያዘው የእንግሊዝ አስተዳደር ሐዲዱን ነቅሎ ወሰደው። አስመራ የነበረ አንድ ድርጅት ከ1951 እስከ 1953 ጥቂት ቶን ጨው ከዚያ አውጥቶ ለህንድ ከመሸጡ በስተቀር፣ ዳሎል ጸጥ አለ።

አሜሪካኖቹ ሲመጡ

በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። በማስመሪያ የተሰመረው የ60 ኪሎ ሜትር ድንበር፣ ለጊዜውም ቢሆን፣ የአንድ አገር የውስጥ መሥመር ሆነ። ፖታሹና ባሕሩ ከተለያዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ተገናኙ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓርሰንስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ዳሎል የወረደው በዚህ ጊዜ ነው።

ፓርሰንስ እንደ ቀደሙት ከላይ ከላይ የሚጭር አልነበረም። በየቦታው ጉድጓድ እየሰረሰረ የከርሰ ምድሩን ጨው መረመረ፤ ከዳሎል ጉብታ ብዙም በማይርቀው ሙስሌ በተባለ ቦታም ወደ ምድር ውስጥ የሚያስገባ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሠራተኞቹ የኖሩበት ሠፈር የአየር ጠባይ መለኪያም ነበረው። ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው ሙቀት የዓመት አማካዩ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ቀንና ሌሊቱ፣ ክረምትና በጋው ተደምሮ ተካፍሎ ነው እንግዲህ! ሰው በሚኖርበት ቦታ እንዲህ ያለ የዓመት አማካይ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም። ዳሎል በዓለም መዝገብ የገባው በፖታሹ ሳይሆን በላቡ ሆነ።

የቤቶቹ ነገር ደግሞ ለብቻው ይነገራል። በዚያ ሜዳ እንጨት የለም፤ ያለው ጨው ነው። ስለዚህ ጨው እንደ ጡብ እየተጠረበ ግድግዳ ሆነ። ዝናብ በሚበዛበት አገር ቢሆን በአንድ ክረምት ቀልጦ ያልቅ ነበር። በዳሎል ግን ዝናብ ብርቅ ነውና ግድግዳው ከነዋሪው በላይ ዕድሜ አገኘ።

ይህኛው መንደር ምን ገደለው? በአንድ በኩል የተቆፈረው ማዕድን ውሃ ገባበትና በ1960ዎቹ መገባደጃ ፓርሰንስ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። በሌላ በኩል፣ በ1962 ካናዳ በሳስካቸዋን ግዛቷ ኤስተርሃዚ ላይ ትልቅ የፖታሽ ማዕድን ከፍታ ዓለምን ማጥለቅለቅ ጀምራ ነበር። ማዕድኑን ውሃ ባያጥለቀልቀው ገበያውን የካናዳ ፖታሽ ያጥለቀልቀው ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ቀጥሎ አንድ የጀርመን ኩባንያ መጥቶ አየና ተመለሰ። ከዚያም 1974 መጣ፤ አብዮት፣ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ረኃብ። የጨው ቤቶቹ ጣሪያ ወደቀ፤ ብረቱ ዛገ፤ ተሽከርካሪዎቹ በቆሙበት ተበሉ። መንደሩ ለሦስተኛ ጊዜ ወና ሆነ።

ጎረቤቱ ለምን አልሞተም?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መንደሩ በወደቀና በተነሣ ቁጥር፣ ከዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሙቀት፣ ያለ ሐዲድና ያለ ኩባንያ፣ ጨው እየተቆረጠ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ለምን የአንዱ ሥራ ሲቋረጥ የሌላው ቀጠለ?

የአሞሌው ታሪክ ረጅም ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ጨው እየወሰዱ ወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው በመላው አገሪቱ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ መስክሯል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1880ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩባት መቀሌም ከተማ ሆና ስታድግ አንዱ ጉልበቷ ይኸው የጨው መንገድ ነበር።

አርሆ የሚባለው የጨው ቅፍለት ከኩሓ፣ ከአጉላዕ፣ ከውቅሮና ከአጽቢ ወገን ተነሥቶ፣ በርሃሌን አቋርጦ፣ አሳሌ ሐይቅ አጠገብ ካለው የጨው ሜዳ ይወርዳል። በዚያ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ፎኮሎ የሚባሉት ጨዉን በእንጨት ፈንቅለው ከምድር ያላቅቁታል። ሀደሊ የሚባሉት በመጥረቢያ እየጠረቡ ልኩን ያስይዙታል። ሜዳው የአፋር ነው፤ ግመልና በቅሎ ነጂው ደገኛም አፋርም ነው። ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፣ ጨው ይዞ ይወጣል። በመሃል ቀረጥ የሚቀበል፣ ውሃ የሚያሳይ፣ ማደሪያ የሚሰጥ አለ። ሁሉም ሁሉን ይፈልገዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የአሞሌው ገዢ ከተራራው በላይ የተቀመጠ፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ነገም ጨው የሚያስፈልገው ሰው ነው። የፖታሹ ገዢ ግን ባሕር ማዶ ያለ፣ ዳሎልን የሚያስታውሰው ሌላው በር ሲዘጋበት ብቻ የሆነ ሰው ነበር። አርሆ በገበያ ላይ ቆመ፤ መንደሩ በሌላው ችግር ላይ ቆመ። «ጨው ሆይ ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል የአገራችን ሰው። የዳሎል ፖታሽ ጣዕሙ አላነሰም፤ የሚቀምሰው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። የደጋው ገበሬ ለብዙ ዘመን ማዳበሪያ ሲታደለው የኖረው ዳፕና ዩሪያ ነው፤ ሁለቱም ፖታሽ የለባቸውም። የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም የሚል አስተያየት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሥር ሰዶ ስለ ነበር፣ ፖታሹ ሽቅብ ወደ ዓይናለም እርሻ ይውጣ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2010ዎቹ የአፈር ካርታ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲካሄድ ግን በብዙ ቦታ የፖታሲየም እጥረት መኖሩ ተነገረ። ሀብቱ ከገደሉ ሥር፣ እጥረቱ ከገደሉ አናት!

ሁሉ ነገር ግን እንደ ነበረ አይቀርምና፣ አርሆም ዘመን ተለወጠበት። በ2011 አዮዲን ያልገባበት ጨው ለምግብ እንዳይቀርብ የሚከለክል ደንብ ወጣ። ከዚያው ወዲህ አስፋልቱ ቁልቁል ወደ ሜዳው ሲወርድ የጭነት መኪና የግመሉን ቦታ ይሻማ ጀመር። ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት መንገዱ ተዘጋ፤ በ2022 መጀመሪያም ውጊያው በርሃሌና አብዓላ ድረስ ደርሶ ብዙ አፋር ተፈናቀለ። ደገኛና ቆለኛን በጨው ያስተሳሰረው መንገድ የጦር መንገድ ሲሆን ማየት ለሁለቱም ወገን መራራ ነበር።

አራተኛው እንግዳ

ፖታሹ አሁንም እንግዳ አላጣም። በ2000ዎቹ መጨረሻ አላና የተባለ የካናዳ ኩባንያ መጣ። በ2015 አይሲኤል የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ገዛው። በ2016 ግን «የማይገባኝን ግብር ተጠየቅኩ፣ መሠረተ ልማትም አልተሟላልኝም» ብሎ ሥራውን አቋርጦ ወጣ። በ2017 ያራ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያና ሌላም ድርጅት የማዕድን ፈቃድ ተቀበሉ።

በባሕሩ በኩል ደግሞ ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ሆነች። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው ጦርነትም ያ የማስመሪያ ድንበር የምሽግ መሥመር ሆነ። ስለዚህ የፖታሹ መውጫ በጅቡቲ በኩል እንዲሆን ታሰበና የታጁራ ወደብ ለዚሁ ተብሎ ተሠርቶ በ2017 ተመረቀ። ወደቡ ሲመረቅ ግን ከዳሎል የሚጫን ፖታሽ አልነበረም። በ1918 ሐዲዱ አልቆ ገዢ ጠፋ፤ በ2017 ወደቡ አልቆ ጭነት ጠፋ። ታሪክ ራሱን ይደግማል የሚለው አባባል የተሰለቸ ቢሆንም፣ ለዳሎል ግን ልኩ ነው።

ዛሬ በዳሎል ጉብታ ላይ የጨው ግድግዳዎቹ በከፊል ቆመዋል። በአካባቢያቸው የዛገ ብረት ተበታትኗል። ከዚያ አለፍ ብሎ ቢጫው ውሃ ይፈላል። በ2019 ሳይንቲስቶች ውሃው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይኖር ይሆን ብለው ተከራከሩበት። አንዱ ወገን በጣም አሲዳምና ጨዋማ በሆነው ኩሬ ምንም አላገኘንም አለ፤ ሌላው እጅግ ደቃቅ ሕይወት አለ አለ። ክርክሩ ስለ ሕዋስ ነው። ስለ ሰው ቢሆን መልሱን ግድግዳዎቹ ሰጥተውታል።

በዳሎል መንደር ላይ የሦስት ትውልድ ላብ ፈስሷል። ከመንደሩ ግን ተነሥቶ «እኔ የዳሎል ልጅ ነኝ» የሚል የከተማ ሰው አልወጣም። ምክንያቱም መንደሩ ለመውሰድ ተሠራ እንጂ ለመኖር አልተሠራም። ዓይናለምን ተመልከቱ! በምድሯ የተቆፈሩት ጉድጓዶች የመቀሌን ሕዝብ ውሃ ያጠጣሉ። ውሃ የሚወጣበት ቦታ የሚጠጣው አጠገቡ ስላለ ሥራው አይቋረጥም። ፖታሽ ግን እስካሁን ለሩቅ ሰው ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ ሆኖ ኖሯል።

ፖታሽ ይውጣ አይውጣ የሚለው ክርክር ለባለሙያ ይቆይ። አገሪቱ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ ስትገዛ የኖረች ናትና ሀብቱ ተኝቶ ይቅር የሚል የለም። ነገር ግን በሙስሌም ሆነ በዳሎል ቀጣዩን ጉድጓድ የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቅ። የካናዳና የጀርመን ዋጋ ሲወርድ ማን ይገዛሃል? ሜዳው የአፋር ነውና አፋሩ በሥራው ውስጥ ቦታው የት ነው? ከሚወጣው ፖታሽ ስንቱ ጆንያ በአርሆ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ከደጋው ማሳ ይደርሳል? እነዚህን ሳይመልስ የሚሠራ መንደር፣ ግድግዳው ከጨውም ይሠራ ከሲሚንቶ፣ ወና ለመሆን የሚጠብቀው የሩቅ ገበያ ወሬን ብቻ ነው።